ብሩኖ ቱሼክ፦ ኤሌክትሮንንና ፖዚትሮንን በአንድ ቀለበት ያጋጩ ሳይንቲስት

የቁስ አካልን ጥቃቅን መሠረቶች ለማወቅ በሚደረገው ዓለም አቀፍ ምርምር ውስጥ አዳዲስ ቅንጣቶችን የማፈላለጉ ሥራ በአብዛኛው የሚካሄደው ቅንጣቶችን ለብርሃን በቀረበ ፍጥነት እያበረሩ ፊት ለፊት በሚያጋጩ ግዙፍ ማሽኖች አማካይነት ነው። በተለምዶ ቻርጅ የሚባለውን የኤሌክትሪክ ሙል የያዙ አዳዲስ ቅንጣቶችን ለማግኘት ኤሌክትሮንንና ተቃራኒውን ፖዚትሮንን በአንድ ቀለበት ውስጥ ማጋጨት ከሁሉ የተሻለ መንገድ መሆኑን አስቀድመው የተገነዘቡት፣ ተገንዝበውም በሥራ ያሳዩት ኦስትሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ብሩኖ ቱሼክ ናቸው።

ቱሼክ ሐሳባቸውን ለባልደረቦቻቸው ባቀረቡ በዓመቱ ማሽኑን አቁመው ማሠራት ችለዋል። ሆኖም መንገዱን የጠረጉለት አዲስ ቅንጣት በእርሳቸው ቤተ ሙከራ ሳይሆን ከውቅያኖስ ማዶ መገኘቱን ለማየት በቅተዋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቱሼክ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1921 በኦስትሪያ ዋና ከተማ ቪየና ተወለዱ። አባታቸው የኦስትሪያ ጦር መኮንን ሲሆኑ እናታቸው ከአይሁድ ቤተሰብ የተገኙ ነበሩ። እናታቸውን ገና በልጅነታቸው በሞት ያጡት ቱሼክ፣ በ1938 ናዚ ጀርመን ኦስትሪያን ስትጠቀልል በእናታቸው ዘር ምክንያት ከሚማሩበት ትምህርት ቤት ለመውጣት ተገደዱ። የማጠናቀቂያ ፈተናውንም በሌላ ትምህርት ቤት በግል ተፈታኝነት ወስደው አለፉ። በቪየና ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ትምህርት ቢጀምሩም ብዙ ሳይቆዩ በ1940 በዚያው ምክንያት ተሰናበቱ።

ትምህርታቸው ግን አልተቋረጠም። በዩኒቨርሲቲው የነበሩ ፖል ኡርባን የተባሉ ወጣት ምሁር መጻሕፍት እየተዋሱ ያመጡላቸው ስለነበር ቤታቸው ሆነው ማጥናታቸውን ቀጠሉ። በዚያው ዘመን የታወቁት ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ አርኖልድ ዞመርፌልድም የወጣቱን ችሎታ ተረድተው በሌላ ከተማ የሚረዷቸውን ሰዎች አፈላለጉላቸው። በዚህ መንገድ ቱሼክ በ1942 ማንነታቸው ወደማይታወቅበት የሰሜን ጀርመን ከተማ ሀምቡርግ ተሻገሩ። ኑሯቸውን በልዩ ልዩ ሥራ እየደገፉ፣ በተማሪዎች መዝገብ ሳይሰፍሩ በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ጥግ ተቀምጠው ይማሩ ነበር።

ከኖርዌጂያዊው መሐንዲስ ሮልፍ ቪደሮ ጋር የተዋወቁት በዚሁ ወቅት ነው። ቪደሮ ቤታትሮን ስለሚባለው ኤሌክትሮን ማፋጠኛ የጻፉት ጥናት ለኅትመት ሲዘጋጅ ቱሼክ አንብበውት የታያቸውን ስሕተት ጠቆሙ። መሐንዲሱ በትችቱ ከመቀየም ይልቅ ወጣቱን ወደ ሥራው ሳቧቸው። ሁለቱም በሀምቡርግ የ15 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ኃይል ያለው ቤታትሮን ሲሠራ አብረው ቆዩ። ቱሼክ የማፋጠኛ ማሽንን ጠባይ ከወረቀት አልፈው በተግባር ያወቁት እዚህ ነው፤ ይህም ከአብዛኞቹ የዘመናቸው የንድፈ ሐሳብ ተመራማሪዎች ለይቷቸዋል።

ቪደሮ በ1943 አንድ ሌላ ሐሳብ ነበራቸው። ቅንጣቶችን አፋጥኖ በቆመ ዒላማ ላይ ከመወርወር ይልቅ በሁለት አቅጣጫ አፋጥኖ ፊት ለፊት ማጋጨት ይቻላል የሚል ነበር፤ ለሐሳቡም የባለቤትነት መብት እንዲሰጣቸው አመለከቱ። የሐሳቡ መነሻ ለማንም የሚገባ ነው። በፍጥነት የሚሄድ መኪና የቆመውን ቢመታ የኃይሉ ከፊል የተመታውን መኪና ወደፊት በመግፋት ይባክናል። እኩል ፍጥነት ያላቸው ሁለት መኪናዎች ፊት ለፊት ሲላተሙ ግን ኃይሉ በሙሉ ከግጭቱ ቦታ ላይ ይውላል። ለብርሃን በቀረበ ፍጥነት በሚጓዙ ቅንጣቶች ዘንድ ልዩነቱ ከመኪናው ምሳሌ እጅግ ይሰፋል። እያንዳንዳቸው 1 ነጥብ 5 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ይዘው የሚገናኙ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን የሚያስገኙትን ውጤት የቆመ ኤሌክትሮንን በመምታት ለማግኘት ቢታሰብ፣ ተወርዋሪው ፖዚትሮን ከ8 ሺህ 800 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት በላይ መያዝ ይኖርበታል። ቱሼክ ያኔ ነገሩ ያን ያህል አዲስ አልመሰላቸውም ነበር። የሐሳቡ ሙሉ ጥቅም የተገለጠላቸው ከ17 ዓመት በኋላ ነው።

በ1945 መጀመሪያ ጦርነቱ ሊያበቃ ወራት ሲቀሩት ቱሼክ በጌስታፖ ተይዘው ሀምቡርግ በሚገኘው የፉልስቡተል ወህኒ ቤት ታሰሩ። ቪደሮ እየተመላለሱ ምግብ፣ ሲጋራና የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ መጽሐፍ ያደርሱላቸው ነበር። ቱሼክም በእስር ቤት ሆነው የቤታትሮንን ስሌት ቀጠሉ። የተባበሩት ኃይሎች ጦር እየቀረበ ሲመጣ እስረኞቹ በእግራቸው ወደ ኪል ከተማ እንዲጓዙ ታዘዘ። ቱሼክ ከፍተኛ ትኩሳት ነበረባቸው፤ የመጻሕፍት ሸክምም ይዘዋል። ከሀምቡርግ ሳይርቁ በመንገዱ ዳር ወደቁ። አንድ የኤስ ኤስ ጠባቂ ተኩሶባቸው አንደኛው ጥይት ከጆሯቸው ጀርባ ጭሮ አለፈ። ሌላው የካፖርታቸውን ሽፋን ብቻ ቀደደ። ጠባቂዎቹ የሞቱ መስሏቸው ትተዋቸው ሄዱ። በስፍራው የነበሩ ሰዎች አንስተው ሐኪም ቤት አደረሷቸው። ከዚያ ተመልሰው ወደ እስር ቢገቡም የጦርነቱ ማብቃት ነጻ አወጣቸው።

ከጦርነቱ በኋላ በጀርመን ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ በቤታትሮን ንድፈ ሐሳብ ላይ በሠሩት ጥናት በ1946 በዲፕሎማ ተመረቁ። በ1947 ወደ ስኮትላንድ አቅንተው ከግላስጎው ዩኒቨርሲቲ በ1949 የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ፤ እስከ 1952ም እዚያው አስተማሩ። በ1952 መጨረሻ ግን ሮም ገቡ። ሮም የእናታቸው እኅት የሚኖሩባት፣ በወጣትነታቸውም የሚያውቋት ከተማ ናት። በዚያን ጊዜ በኤዶአርዶ አማልዲ መሪነት የጣሊያን ፊዚክስ ከጦርነት ፍርስራሽ እያንሰራራ ነበር። ቱሼክ ከዚህች ከተማ ሳይለዩ የቀሩትን አብዛኛውን ዕድሜያቸውን አሳልፈዋል፤ ትዳርም መሥርተው ሁለት ወንዶች ልጆች አፍርተዋል።

በ1959 በፍራስካቲ ከተማ 1 ነጥብ 1 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ኃይል ያለው አዲስ ማፋጠኛ ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት ከአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ቮልፍጋንግ ፓኖፍስኪ፣ ኤሌክትሮንን ከኤሌክትሮን ጋር በሁለት ቀለበቶች ለማጋጨት ስለተያዘው ዕቅድ ገለጻ አደረጉ። ቱሼክ ከገለጻው በኋላ የያዙት ጥያቄ ለምን ከፖዚትሮን ጋር አይጋጭም የሚል ነበር። ፖዚትሮን የኤሌክትሮን ተቃራኒ ቻርጅ አለው። ስለዚህ አንድ መግነጢስና አንድ ቀለበት ሁለቱንም በአንድ መንገድ በተቃራኒ አቅጣጫ ሊያዞሯቸው ይችላሉ። ከሁሉም በላይ ሁለቱ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። የያዙት ኃይል ለቅጽበት ወደ ብርሃን ዓይነት ተለውጦ ከዚያው ቻርጅ ያላቸው የቅንጣት ጥንዶች ይወለዳሉ። ብርሃን ከቻርጅ ጋር የሚገናኘው ያለ አድልዎ በመሆኑ፣ ለጥንዱ ክብደት የሚበቃ ኃይል እስከ ተገኘ ድረስ የሚወለደው ቅንጣት የታወቀ ይሁን ያልታወቀ ለውጥ የለውም። ማንም አስቀድሞ ያልገመተውን አዲስ ቅንጣት ለማፈላለግ ከዚህ የቀለለ በር ማሰብ ይከብዳል።

ቱሼክ በፌብሩዋሪ 1960 በተደረገ ስብሰባ ያቀረቡት ሐሳብ ደፋር ነበር። ብዙ ገንዘብ ፈሶበት ገና ሥራ የጀመረው አዲሱ ማፋጠኛ ራሱ ወደ ማጋጫነት ይለወጥ አሉ። የቤተ ሙከራው ዳይሬክተር ጆርጆ ሳልቪኒ ይህን አልተቀበሉትም። ለሥራ የተዘጋጁ ብዙ ተመራማሪዎች ማሽኑን ይጠብቁ ስለነበር እምቢታቸው የሚያስወቅስ አልነበረም። ሐሳቡንም ከነጭራሹ አልገፉትም፤ ለብቻው አነስተኛ ማሽን እንዲሠራ ፈቀዱ። ማርች 7 ቀን 1960 ቱሼክ ዕቅዱን በፍራስካቲ በተዘጋጀ ሴሚናር አስረዱ። ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1961 በቀለበቱ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ኤሌክትሮኖች ሲዞሩ ታዩ። የፕሮጀክት ሰነድ ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲዘዋወር የሚፈጀውን ጊዜ ለሚያውቅ አንባቢ፣ ከሴሚናር እስከ ሥራ ዓመት ያልሞላው ይህ ጉዞ ብቻውን የሚያስገርም ነው።

ማሽኑ በጣሊያንኛ የማከማቻ ቀለበት ለማለት አዳ ተባለ። ስሙ የቱሼክ አክስትም ስም ነበር። የቀለበቱ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 1 ነጥብ 3 ሜትር ገደማ ነው። ካርሎ ቤርናርዲኒ፣ ጆርጆ ጊጎና ጃንፍራንኮ ኮራዛ የሥራው ዋነኛ ተካፋዮች ነበሩ። በተለይ ኮራዛ ኤሌክትሮኖቹ ከአየር ጋር ሳይጋጩ ለሰዓታት እንዲዞሩ ቀለበቱን ከአየር ባዶ በማድረግ ረገድ የሠሩት ሥራ የሙከራውን ዕድል ወስኗል። በቀለበቱ የሚዞሩ ኤሌክትሮኖች ብርሃን ይሰጣሉ። ተመራማሪዎቹ ይህን ብርሃን እየለኩ፣ ብርሃኑ ደረጃ በደረጃ ሲቀንስ እያዩ፣ የቀሩትን ኤሌክትሮኖች አንድ በአንድ እስከ መቁጠር ደርሰው ነበር።

ችግሩ ቆጠራው ቀላል የሆነው ኤሌክትሮኖቹ ጥቂት በመሆናቸው ነበር። ግጭት ለማየት ብዙ ቅንጣት ያስፈልጋል፤ በፍራስካቲ ግን ቀለበቱን በበቂ መጠን የሚሞላ መሣሪያ አልነበረም። ስለዚህ በጁላይ 1962 አዳ ጠንካራ የኤሌክትሮን ምንጭ ወዳለበት በፓሪስ አቅራቢያ ወደሚገኘው የኦርሴ ቤተ ሙከራ እንዲጓዝ ተወሰነ። ቀለበቱ ውስጥ አየር ቢገባ የወራት ድካም ከንቱ ስለሚሆን ፓምፖቹ በባትሪ እየሠሩ በከባድ መኪና ተጫነ። ባልደረቦቻቸው እንደተረኩት ቱሼክ መኪናውን ራሳቸው ካልሞከርኩት ብለው የመንገድ መብራት ምሰሶ ገጭተዋል። በድንበሩም ላይ አንድ የጉምሩክ ሠራተኛ የቀለበቱን ውስጥ ከፍቼ ካላየሁ በማለቱ ጉዞው ተስተጓጉሎ ነበር። ሠራተኛው ደንቡን መጠበቁ ነበር፤ ባዶ የሆነ ዕቃ ባዶ ሆኖ እንዲቆይ መከፈት እንደሌለበት ማስረዳት ግን ቀላል አልሆነም።

በኦርሴ ፒየር ማሪንና ዣክ አይሲንስኪን የመሰሉ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ከቡድኑ ጋር ተቀላቀሉ። ሥራው አድካሚ ነበር፤ አንዱ ዓይነት ቅንጣት ከገባ በኋላ ሌላውን ለማስገባት ቀለበቱን እንዳለ ማገላበጥ ይጠይቅ ነበር። በ1963 መጀመሪያ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። በቀለበቱ የተከማቹት ቅንጣቶች ቁጥር ሲጨምር የቆይታ ጊዜያቸው ማጠር ጀመረ። ቱሼክ ምክንያቱን ወዲያው ደረሱበት። አብረው በአንድ መንጋ የሚጓዙ ኤሌክትሮኖች እርስ በርሳቸው እየተነካኩ አንዳንዶቹ ከመንገዳቸው ይወጣሉ። ይህ ክስተት እስከ ዛሬ የቱሼክ ውጤት ተብሎ ይጠራል። በ2017 በዮርዳኖስ የተመረቀውን ሴሳሚን ጨምሮ በየአገሩ ያሉ የማከማቻ ቀለበቶች ሲነደፉ የሚሰላ ጉዳይ ነው።

በ1964 ቡድኑ በአዳ ውስጥ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን በእርግጥ መጋጨታቸውን አረጋግጦ አሳተመ። በሶቪየት ኅብረት ኖቮሲቢርስክ በገርሽ ቡድከር የሚመራው ቡድንና በአሜሪካ የስታንፎርድ ተመራማሪዎችም በየበኩላቸው በዚሁ መስክ እየሠሩ ነበር። አዳ ግን ለሙከራ እንጂ ለግኝት የተሠራ አልነበረም።

ለግኝት የታሰበው አዶኔ ነው፤ በጣሊያንኛ ትልቁ አዳ እንደማለት ነው። ቱሼክ ይህን ማሽን ያቀዱት በ1960 መጨረሻ፣ አዳ እንኳን ሥራ ሳይጀምር ነበር። 105 ሜትር ዙሪያ ያለው አዶኔ ለእያንዳንዱ የቅንጣት ጅረት 1 ነጥብ 5፣ በድምሩ 3 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት እንዲያደርስ ተነደፈ። በወቅቱ ለታወቁት ቅንጣቶች፣ ለፕሮቶንና ለተቃራኒው ጥንድ ጭምር፣ የሚተርፍ መጠን ነበር። ማሽኑ በ1969 ሥራ ጀምሮ ከግጭቱ የሚወለዱት ቅንጣቶች ብዛት ከተገመተው በላይ መሆኑን አሳየ። ይህም ፕሮቶንን የመሰሉ ቅንጣቶች ከሌሎች ትንንሽ ቅንጣቶች የተሠሩ ናቸው ለሚለው አስተሳሰብ ድጋፍ ሆነ።

በአዶኔ ላይ ከተካሄዱት ሥራዎች አንዱ በአንቶኒኖ ዚኪኪ የሚመራው ቡድን ያደረገው አዲስ ቻርጅ ያለው ቅንጣት ፍለጋ ነው። በዚያን ጊዜ ኤሌክትሮንና በክብደት 200 እጥፍ ገደማ የሚበልጠው ሙዮን ይታወቃሉ። ሦስተኛ፣ ከሁለቱም የከበደ ወንድም ይኖር ይሆን የሚለው ጥያቄ መልስ አልነበረውም። ቢኖር እንኳን እጅግ አጭር ዕድሜ ስለሚኖረው በቀጥታ አይታይም። የፍለጋው ዘዴ ብልኅነት የተሞላበት ነው። ጥንዱ ከተወለደ በኋላ አንደኛው ወደ ኤሌክትሮን፣ ሌላኛው ወደ ሙዮን ሊለወጥ ይችላል፤ የቀረውን ኃይል የማይታዩት ኒውትሪኖዎች ይዘውት ይሄዳሉ። ከግጭቱ አንድ ኤሌክትሮንና አንድ ሙዮን ብቻ ወጥተው ኃይል ጎድሎ ከተገኘ ከመካከላቸው ያልታወቀ ቅንጣት ነበረ ማለት ነው። ኤሌክትሮን ጥቅጥቅ ባለ ነገር ውስጥ ፈጥኖ ይቆማል፤ ሙዮን ግን ወፍራም ብረት ሰንጥቆ ያልፋል፤ ሁለቱን መለየት የሚቻለው በዚህ ነው። ቡድኑ ፈልጎ አላገኘም። ክብደቱ ከ1 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት በታች የሆነ እንዲህ ያለ ቅንጣት አለመኖሩን ብቻ አስታወቀ።

በኖቬምበር 1974 በአሜሪካ ሁለት ቡድኖች ጄ ፕሳይ የተባለውን አዲስ ቅንጣት ማግኘታቸው ተሰማ። ክብደቱ 3 ነጥብ 1 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። የፍራስካቲ ተመራማሪዎች ወሬው እንደደረሳቸው አዶኔን ከተነደፈበት ገደብ ጥቂት ከፍ አድርገው በቀናት ውስጥ ቅንጣቱን ራሳቸው አዩት። ሪፖርታቸውም ከአሜሪካኖቹ ጋር በአንድ የመጽሔት ዕትም ወጣ። ቀዳሚነቱ ግን አምልጧል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በስታንፎርድ ስፒር በተባለው ማሽን ላይ የሚሠሩት ማርቲን ፐርልና ባልደረቦቻቸው ፍራስካቲ የፈለገውን ምልክት፣ ማለትም ኤሌክትሮንና ሙዮን ይዘው ኃይል የጎደላቸውን 64 ግጭቶች፣ አሳተሙ። ታው የተባለው ይህ ቅንጣት ከኤሌክትሮን 3 ሺህ 500 ጊዜ ያህል ይከብዳል። ጥንዱን ለመውለድ 3 ነጥብ 55 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ይጠይቃል። አዶኔ ደግሞ በ3 ላይ ይቆማል።

የማሽኑን ገደብ የወሰኑትን ሰዎች በዚህ መውቀስ ፍትሐዊ አይመስልም። ቁጥሩ ሲቆረጥ የታውን ክብደት ይቅርና መኖሩን የሚያውቅ አልነበረም፤ የትኛውም ንድፈ ሐሳብ አልተነበየውም። ቢሆንም በ0 ነጥብ 1 እና ከግማሽ ጥቂት በሚበልጥ ልዩነት የሁለት የኖቤል ሽልማት ግኝቶች ቀዳሚነት ከአንድ ቤተ ሙከራ እጅ ማምለጡ በፍራስካቲ ለረዥም ጊዜ ሲነገር ኖሯል። ፐርል ሽልማቱን ያገኙት በ1995 ነው። ታው ዳግመኛ ከተረጋገጠባቸው ስፍራዎች አንዷ፣ ቱሼክ በእስር የማቀቁባት ሀምቡርግ ነበረች፤ በ1977 በዚያ የሚገኘው ዶሪስ የተባለ ማጋጫ ግኝቱን አጽድቋል።

በእነዚህ ዓመታት ቱሼክ በሮም ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። በኤሌክትሮን ግጭት ጊዜ በብርሃን መልክ የሚባክነውን ኃይል ለማስላት የቀመሩት ዘዴ ለአዶኔ ሙከራዎች መሠረት ሆኗል። ተማሪዎቻቸው ጥብቅና ተጫዋች መምህር እንደነበሩ ይመሰክራሉ። በስብሰባ ላይ ተሰላችተው ባልደረቦቻቸውን እያሾፉ የሚሥሏቸው ሥዕሎችም ታዋቂ ናቸው። በሌላ በኩል የጦርነቱ ዘመን ያደረሰባቸው ጉዳትና መጠጥ ጤናቸውን እየጎዳው ሄደ። በ1977 ጄኔቫ ወደሚገኘው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት ሰርን ሄዱ። ድርጅቱ በዚያን ወቅት ፕሮቶንን ከተቃራኒው ጋር በአንድ ቀለበት ለማጋጨት ይሰናዳ ነበር። ቱሼክ ግን እዚያው ሳሉ ጉበታቸው ታሞ ሐኪም ቤት ገቡ። በኋላም ወደ ትውልድ አገራቸው ተወስደው ሜይ 25 ቀን 1978 በኢንስብሩክ ከተማ በ57 ዓመታቸው አረፉ።

በ1983 የሰርን ማጋጫ ደብልዩ የተባለውን ቻርጅ ያለው ከባድ ቅንጣት አስገኘ። ኤሌክትሮንና ፖዚትሮንን በ27 ኪሎ ሜትር ዋሻ ውስጥ ያጋጨው ሌፕ ደግሞ ከ1989 እስከ 2000 ሠርቶ፣ እስከ 100 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት የሚደርስ ክብደት ያላቸው ሌሎች አዳዲስ ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶችን ፈልጎ ሊያገኝ አልቻለም። ፍለጋው በዚያው ዋሻ በ2008 በተተካው ፕሮቶን አጋጪ ማሽን ቀጥሏል። ከባድ ቻርጅ ያለው ቅንጣት ቢወለድ ቀስ ብሎ ስለሚጓዝ መዘግየቱና ጥሎት የሚያልፈው ወፍራም አሻራ ያሳብቁበታል ተብሎ ይጠበቃል። በ2013ም በቤጂንግ የሚገኘው የኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ማጋጫ ዜድ ሲ 3900 የተባለ ቻርጅ ያለው እንግዳ ቅንጣት ማግኘቱ ተገልጿል።

ኤዶአርዶ አማልዲ የጻፉት የቱሼክ የሕይወት ታሪክ ከሥዕሎቻቸው ጋር በ1981 በሰርን ታትሟል። አዳ ከፈረንሳይ ተመልሶ በፍራስካቲ ቤተ ሙከራ ግቢ ውስጥ ብርሃን በሚያሳልፍ መጠለያ ሥር ለጎብኚዎች ቀርቧል።